ዛሬ ማን ተወለደ? ለሚኒ ሚዲያ አዘጋጆች ከልምዴ

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ፣ ተማሪ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ለሚኒ ሚዲያው አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል። በዚያች ደቂቃ «ዛሬ ማን ተወለደ?» የሚል ዝግጅት እናቀርባለን። አንድ ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ፣ ደራሲ ወይም አሳቢ እናነሳለን። የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ምን ተናገረ። ያው ጽሑፍ በማርከር ተጽፎ ላይብረሪው በር አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ የክበቡ ተጠሪ መምህር ነኝ። በሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጓደኞቼ «እኛም ልንጀምር ነው፤ ከየት ከየት ነው የምታመጡት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ልምዴን እዚህ ላስቀምጠው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ስልክ ከፍቶ የዕለቱን ልደት መፈለግ፣ ከሥሩ አንድ ጥቅስ መለጠፍ፣ አለቀ። ችግሩ ተማሪዎቹም ስልክ አላቸው። ጠዋት የተነበበውን ምሳ ሰዓት ላይ አጣርተው ይመጣሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ላይ መጠንከር አለባችሁ፤ ቀኑ ላይ እና ጥቅሱ ላይ።

ከቀኑ ልጀምር። እኛ የምንኖረው በሁለት ካላንደር ነው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የኢትዮጵያ ቀን ነው፣ ልደቱን የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ዘንድ የተስማማንበት ደንብ እንዲህ ነው። የውጭ አገር ሰው ከሆነ የራሱ አገር ሰዎች የሚያከብሩለትን ቀን ይዘን፣ ያ ቀን ዘንድሮ በእኛ አቆጣጠር የሚውልበትን እንፈልጋለን። ሞዛርት ጃንዋሪ 27 ቀን 1756 ሳልዝበርግ ተወለደ። ጃንዋሪ 27 ብዙውን ጊዜ ጥር 19 ላይ ይውላል፤ በዚያ ቀን እናነበዋለን። ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን የተወለደበትን የኢትዮጵያ ቀን ነው የምንይዘው። ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ዕለት። ይህን ወደ ሴፕቴምበር 27 ከለወጣችሁት በኋላ መልሳችሁ ወደ እኛ ካመጣችሁት፣ በአንዳንድ ዓመት መስከረም 16 ላይ ይወድቅባችኋል። የመስቀል ልጅ የደመራ ልጅ ሆነ ማለት ነው። ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ካለ፣ የእማሆይን ጉዳይ ይስማ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አዲስ አበባ ነው የተወለዱት። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ ኋላ መነኩሴ ሆነው ግሸን ማርያም ገቡ፤ ብዙ ዘመናቸውን ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም አሳልፈው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ልደታቸው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1923 ተብሎ ተመዝግቧል። ካርዱን እንዲያዘጋጁ ሁለት ተማሪዎች መድቤ ነበር። አንዱ የግድግዳ ካላንደር አይቶ «ታኅሣሥ 3 ነው» አለ። ሌላዋ በስልኳ መቀየሪያ ዓመቱን ጨምራ አስገብታ «ታኅሣሥ 2 ነው» አለች። ቢሮዬ ድረስ እየተጨቃጨቁ መጡ።

ልጅቷ ልክ ነበረች። በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመነ ዮሐንስ እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በ12 ይውላል። ከዚያ ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ነው መልሶ የሚስተካከለው። 1916 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ እማሆይ የተወለዱት ታኅሣሥ 2 ላይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም እንደዚሁ ነው። ጅማ የተወለደው ዲሴምበር 19 ቀን 1943 ሲሆን፣ ያ ዓመት በእኛ 1936፣ ዘመነ ዮሐንስ ነው። የግድግዳ ካላንደር በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 10 ይላችኋል፤ የተወለደበት ቀን ግን ታኅሣሥ 9 ነው። የልደት ቀን ስትቀይሩ እንግዲህ ዓመቱንም ጭምር አስገቡ። ከወርና ከቀን ብቻ አትነሱ።

በነገራችን ላይ ታኅሣሥ ለሙዚቃ የተሰጠ ወር ነው የሚመስለው። እማሆይ፣ ቤትሆቨን፣ ሙላቱ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይመጣሉ። ሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ካለው ያንን ሳምንት ከንግግር ይልቅ ሙዚቃ ብታሰሙበት ይሻላል። የእማሆይን ፒያኖ ጠዋት ለሰልፍ ስናሰማ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚያወራው ክፍል ሳይቀር ጸጥ ብሎ ነበር። መብራት ባይጠፋ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ ነበር።

ሌላው የቀን ጣጣ የመጣው ከውጭ ነው። ፑሽኪን ሲወለድ ሩሲያ በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፤ ስለዚህ አንዱ ቦታ ሜይ 26፣ ሌላው ቦታ ጁን 6 ቀን 1799 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው። ሩሲያውያን ዛሬ የሚያከብሩት ጁን 6ን ነው፤ በእኛ ግንቦት 29። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ በልጅነቱ የተወሰደ ሰው ነበር፤ ሳር ቤት ያለውም አደባባይ በስሙ ይጠራል። እኛ ልጆች ዘንድ «ፑሽኪን» ማለት መጀመሪያ የታክሲ መውረጃ ነው። ካርዱን «ፑሽኪን ወራጅ አለ?» ብለን ጀመርነው፤ ሳቅ ሆነ፤ ግጥሙን ከዚያ በኋላ ጸጥ ብለው ሰሙ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባህም የሁለት ቀን ሰው ነው። በተወለደበት ከተማ አቆጣጠር ማርች 21፣ በአዲሱ ማርች 31 ቀን 1685 ነው። ማርች 21ን የሚይዙት ስለሚበዙ እኛም በዚያው፣ በመጋቢት 12 እናነባለን። ካርዱ ላይ ግን «በአሮጌው አቆጣጠር» የሚል አንጠልጥለንበታል።

ጭራሽ የልደት ቀናቸው ያልተጻፈም አሉ። ቤትሆቨን መቼ እንደተወለደ የሚነግረን መዝገብ የለም። ያለው በቦን ከተማ ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ክርስትና መነሳቱ ነው። ከዚያ ተነስተው ነው ባንድ ቀን በፊት ተወልዶ ይሆናል የሚሉት። ሼክስፒርም ኤፕሪል 26 ቀን 1564 ክርስትና ተነሳ እንጂ ልደቱ አልተመዘገበም፤ ኤፕሪል 23 የሚባለው በልማድ ነው፤ የሞተውም በዚያው ቀን በመሆኑ ለሰዎች ሳይጥም አልቀረም። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ አይገርማቸውም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና የሚነሳበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ፣ የልደት ቀን ሲጠፋ የክርስትና ቀን እንደሚታወስ ከአያቱ ሰምቷል። አያቶቻችን ራሳቸው «የልደታ ለታ ነው የተወለድኩት» ወይም «ጣልያን የገባ ጊዜ» ይላሉ እንጂ ቁጥር አይጠሩም።

ሉዊ አርምስትሮንግ ዕድሜውን ሙሉ ጁላይ 4 ቀን 1900 ተወለድኩ ሲል ኖሮ፣ ከሞተ በኋላ በተገኘው የክርስትና መዝገብ ኦገስት 4 ቀን 1901 ሆኖ ተገኘ። ሠዓሊዋ ፍሪዳ ካሎ በ1907 ተወልዳ በ1910 ነው የተወለድኩት ትል ነበር፤ የሜክሲኮ አብዮት የፈነዳበት ዓመት ነው። ፍሬድሪክ ዳግላስ በባርነት ስለተወለደ ቀኑን የሚነግረው አልነበረም፤ ፌብሩዋሪ 14ን ራሱ መረጠ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከዓመቱ ካርዶች ሁሉ ብዙ ጥያቄ የሚያስነሱት እነዚህ ናቸው። ቀኑ አጠራጣሪ ሲሆን አትደብቁት። ማጠራጠሩን ራሱን አንብቡት።

የአገራችን ሰዎች ላይ ሌላ መውጫ አለን። ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የምታነበው ስንክሳር የዕለቱን ቅዱስ የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍቱ ቀን ነው። ቅዱስ ያሬድን የምናስበው ግንቦት 11 የተሰወረበትን ብለን ነው። ይህንን ልማድ ወደ ሰሌዳው አመጣነው። የአንድ ደራሲ ወይም ሠዓሊ ልደት ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ከሆነብን፣ ልደቱን ትተን በዕረፍቱ ቀን እናስበዋለን። የሞት ቀን በጋዜጣ ይወጣል፣ በመቃብር ድንጋይ ይጻፋል፣ የቀበረውም ሰው ያስታውሳል። ሁለቱም የታወቀለት ሲገኝ ደግሞ እሰየው ነው። አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 አንኮበር ተወልዶ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዐረፈ፤ ሁለት ጊዜ ይነበባል። አንዱን ጊዜ በአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ላይ ስለሠራው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ብቻ እንናገራለን። ጥላሁንም በመስቀል ተወልዶ፣ በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ 11፣ በፋሲካ ዕለት ነው የሞተው። ይህን ስናነብ መምህራኑ ናቸው ቆመው የሰሙት።

አሁን ወደ ጥቅሱ። ተማሪዎች ጥቅስ የሚያመጡት ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ነው፤ አንበሳ ወይም የምትጠልቅ ፀሐይ ፎቶ ላይ የተጻፈ። ከሥሩ አንስታይን ወይም ማንዴላ ይላል። እኛ አገር ፌዝ የያዘች ብልጥ አነጋገር ሁሉ «አለቃ ገብረ ሐና አሉ» ተብሎ እንደሚወራው፣ ዓለምም እንዲሁ ለአንስታይን አሸክሞታል። «አንድን ነገር እየደጋገሙ ሠርቶ ሌላ ውጤት መጠበቅ እብደት ነው» የሚለው የእሱ አይደለም። በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የጋንዲ የበለጠ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ልደቱ ኦክቶበር 2፣ በእኛ መስከረም 22 ገደማ፣ ትምህርት ገና ሲከፈት ነው የሚውለው። አዲስ የገቡት የክበቡ አባላት በሙሉ «በዓለም ላይ ልታየው የምትፈልገውን ለውጥ አንተው ሁን» የሚለውን ይዘው ይመጣሉ። ጋንዲ በእነዚህ ቃላት ስለመናገሩ ማስረጃ አልተገኘም። በ1913 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ውስጥ ግን የሚቀራረብ ሐሳብ አለ፤ ራሳችንን ብንለውጥ በዓለም ያለውም ዝንባሌ ይለወጥ ነበር የሚል። እኛ ያንን ነው የምናነበው፣ ከዓመቱ ጋር። ጋንዲ ሆስፒታል የተወለደ እጁን ያውጣ ስንል ሰልፉ ላይ ስንት እጅ እንደሚወጣ ብታዩ።

የቮልቴርን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃታል፤ «በምትለው አልስማማም፣ የመናገር መብትህን ግን እስከ ሞት እከላከላለሁ» የምትለዋን። ጸሐፊዋ ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ በ1906 ስለ ቮልቴር ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የእሱን አቋም ለመግለጽ ያስቀመጠችው ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ለምን በሷ ስም አንለጥፈውም?» አለች። ለጠፍነው። ያ ካርድ ለሳምንት ሳይነሳ ቆየ።

ማንዴላም ላይ አንድ ረዘም ያለ ጥቅስ ይለጠፍበታል፤ ትልቁ ፍርሃታችን አቅመ ቢስ መሆናችን አይደለም የሚል። የአሜሪካዊቷ ጸሐፊ የማሪያን ዊሊያምሰን ጽሑፍ ነው፤ ማንዴላ በ1994 በዓለ ሲመቱ ላይ አለው የሚባለውም አላለውም። የራሱን ከፈለጋችሁ የሚያህል የለውም፦ ኤፕሪል 20 ቀን 1964 ሪቮኒያ ተብሎ በሚታወቀው ችሎት ላይ፣ ለዚህ ዓላማ ካስፈለገ ለመሞትም ተዘጋጅቻለሁ ያለው። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የሰሙት ዳኛ አሉ።

ከዚህ ተነስተን ያወጣነው ሕግ አንድ ነው። የት እና መቼ እንደተባለ ያልታወቀ ጥቅስ አይለጠፍም። ደብዳቤ፣ ንግግር፣ የፍርድ ቤት ቃል፣ የታተመ መጽሐፍ ከነገጹ፤ ከነዚህ ባንዱ መገኘት አለበት። ደብዳቤ በተለይ ሀብት ነው። ቫን ጎግ ለወንድሙ ለቴዎ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ብቻቸውን ወር ሙሉ ያስኬዷችኋል። ቤትሆቨን ጆሮው እየደነቆረ ሳለ በኦክቶበር 1802 ለወንድሞቹ በጻፈው ላይ፣ ራሱን ከማጥፋት የያዘችው ኪነ ጥበብ ብቻ እንደነበረች ይናገራል። ይህን ለጎረምሶች በጥንቃቄ ማንበብ ይጠይቃል። እኛ ያነበብነው ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተነጋግረን ነው።

ራሱ ያልጻፈ ሰውም አለ። ሶቅራጥስ አንድ መስመር አልተወልንም። «ያልተመረመረ ሕይወት ሊኖሩት የሚገባ አይደለም» ሲባል ከሥሩ «ፕላቶ እንደጻፈው» ይጨመርበታል። የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብም እንዲሁ ነው። በስሙ በሚታወቀው የፍልስፍና ጽሑፍ፣ በሐተታው ላይ የተወለደው ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. አክሱም አካባቢ መሆኑ ተጽፏል። ጽሑፉ የራሱ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣልያናዊ መነኩሴ ድርሰት ነው የሚለው ግን ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። ካርዱን «በሐተታው እንደተጻፈው» ብለን እንጀምርና ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጠቅሳለን። አንዳንድ መምህር «ልጆቹን ለምን ታምታታላችሁ?» ብሎኛል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ክርክር መስማት አለበት ባይ ነኝ።

ቦብ ማርሌይ ጥር 29 ይመጣል፤ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ነው የተወለደው። ስልሳኛ ዓመቱ በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት መከበሩን ወላጆቻቸው ያስታውሳሉ። ተማሪዎች የእሱ ብለው ከሚያመጡት ግጥም አንዱ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዋር»፣ ቃሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። በኦክቶበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱንም ስም እንጽፋለን፤ የተናገረውንም ያዜመውንም።

ስለ ምርጫ ትንሽ ልበል። ዝም ብላችሁ ከኢንተርኔት ከወሰዳችሁ ዓመቱን ሙሉ አውሮፓዊ ወንድ ብቻ ስታነቡ ትከርማላችሁ። እኛ በመስከረም መጀመሪያ አንድ ደብተር ከፍተን፣ መጀመሪያ የኢትዮጵያውያንን፣ ቀጥሎ የአፍሪካውያንን፣ ቀጥሎ የሴቶችን ቀን እንሞላለን፤ የተረፈው ቦታ ለሌላው ነው። ፈላስፋዋ ሃና አረንት ጥቅምት 4፣ ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺንዋ አቼቤ ኅዳር 7 እንዲህ ነው የገቡት። በቀን አንድ ሰው ይበቃል። ሜይ 7 ላይ ብራምስም ቻይኮቭስኪም አሉ፤ አንዱን ለዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ። በሕይወት ያለ ሰው ሲሆን ዕድሜውን አንጠራም፤ በተለይ ሴት ድምፃውያንን። ነገር መፈለግ ይሆናል።

በዓል ላይ የሚውል ልደት በማግስቱ ይነበባል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ስለሆነ ትምህርት የለም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ግን ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው የተወለደው። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሐውልቱ የቆመለት ካርል ማርክስም፣ ዴንማርካዊው ፈላስፋ ኪርከጋርድም በፈረንጁ ሜይ 5 ነው ልደታቸው። ሚያዝያ 28 ጠዋት ከሦስቱ ማን እንደሚነበብ የክበቡ ልጆች በድምፅ ይወስናሉ፤ እስካሁን ማርክስ አሸንፎ አያውቅም።

የቀሩት የክረምት ልጆች ናቸው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ቦዳ፣ አምቦ አጠገብ ተወለደ፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሶይንካ ሐምሌ 6፣ ማንዴላ ሐምሌ 11፣ ቶልስቶይ ጭራሽ ጳጉሜ 4 ላይ ነው። እነዚህን ሰብስበን ከፈተና በፊት ያለውን የመጨረሻ ሙሉ ሳምንት ሰጠናቸው። «የክረምት ልጆች» ነው የምንለው። ጸጋዬ ሰኞ ይከፍታል፤ ግጥሙ ከታተመ መጽሐፉ ነው የሚነበበው፣ ከስልክ አይደለም። ማንዴላ ዓርብ ነው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱ ስለሚነገር፣ የዚያ ሰፈር ልጅ ፈልጋችሁ እሱ ቢያነበው ጥሩ ነው። ደብተሩን ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት አዘጋጅ አስረክቡት፤ ዘመነ ዮሐንስ የሚገባ ከሆነ ሽፋኑ ላይ በቀይ ጻፉለት።